የተቈረጠ ጥቅስ

ጌታ በደብረ ዘይት ተራራ ተቀምጦ ሳለ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዓለም ፍጻሜ ምልክት በጠየቁት ጊዜ፣ ጦርነቱንና ረኀቡን የምድሩንም መናወጥ ከመናገሩ በፊት ማንም እንዳያስታቸው ይጠነቀቁ ዘንድ ያዘዘበት የማቴዎስ ወንጌል 24ኛ ምዕራፍ በየአጥቢያው ተነቦ ሳምንት ሳይሞላው፣ በስሙ የሚመጡት አሳቾች ከሩቅ ዘመን የሚጠበቁ ሳይሆኑ ዛሬውኑ በራችንን አንኳኵተው የሚገቡ መሆናቸውን ስላየሁ፣ ስለ ሌላ ነገር ለመጻፍ ብዕሬ እንቢ አለኝ። ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ምሉእ ንባብ ዘወትር የማነሣውን ሙግት የሚያውቁ አንባብያን "ያችኑ ነገር ሊደግማት ነው" ቢሉ አልቀየምም፤ ነገሩ እስካልታረመ ድረስ መደጋገሙ ነውር አይደለምና።

በመንደራችን በጉሊት ንግድ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ፣ ጾም የማይሽሩ፣ ለማኝን ባዶ እጁን የማይሸኙ አንዲት አረጋዊት እናት አሉ። የመጨረሻዋ ልጃቸው ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ከሄደች በኋላ ድምፅዋ ስለ ጠፋባቸው፣ ጭንቀታቸውን ለሚያውቁትም ለማያውቁትም ሲናገሩ ከርመዋል። ይህንንም የሰማ፣ ራሱን የእግዚአብሔር ሰው ብሎ የሚጠራ አንድ እንግዳ፣ እቁብ የወጣላቸውን ሰሞን ጠብቆ ከቤታቸው ገባና፣ ጸሎት አድርሶ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ፣ የልጅቱን መመለስ በራእይ እንዳየ ከነገራቸው በኋላ፣ ራእዩ ይፈጸም ዘንድ አስቀድሞ ለእግዚአብሔር ሰው የሚገባው መሰጠት እንዳለበት አስረድቶ የእቁቡን ገንዘብ እንዳለ ተቀብሎ ሄደ። የሰጣቸው የስልክ ቍጥር አይሠራም፤ ልጅቱም እስካሁን አልተመለሰችም።

ላጽናናቸው በሄድሁ ጊዜ "እማማ፣ ምን ብሎ አሳመነዎት?" ብላቸው፣ "ከራሳቸው አፍ ያወጡት ቃል ቢሆን ባላመንሁ ነበር ልጄ፤ ያሳዩኝ ግን የተጻፈውን ነው፤ ገጹን ገልጠው፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ። የተጻፈውን እንዴት አድርጌ እክዳለሁ?" አሉኝ። የተነበበላቸውም የሰራፕታዋ መበለት ታሪክ ሲሆን፣ ንባቡም የቆመው ነቢዩ ኤልያስ ያቺን ድኻ ከቀረቻት ዱቄት አስቀድማ ለእርሱ ትንሽ እንጎቻ ጋግራ እንድታመጣለት ባዘዘበት ቦታ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ስለ ምን አላነበበላቸውም? በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 እንደ ተጻፈው ኤልያስ እንጎቻውን በልቶ መንገዱን አልቀጠለም፤ በረኀቡ ዘመን በዚያች በሲዶና አገር መበለት ቤት ተቀምጦ፣ የማድጋው ዱቄትና የማሰሮው ዘይት ሳይጐድል እርሱም እርስዋም ቤተ ሰብዋም ከአንዱ ማድጋ ተመገቡ እንጂ። ልጅዋ ታሞ በሞተ ጊዜም ነቢዩ በዚያው ቤት ስለ ነበረ፣ በድኑን ከብብትዋ ተቀብሎ ወደ ሰገነቱ አወጣው፤ ሦስት ጊዜም በላዩ ተዘርግቶ ወደ አምላኩ ከጮኸ በኋላ ሕያው ልጅዋን አውርዶ ለእናቱ ሰጣት። እውነተኛው ነቢይ እንግዲህ ከድኻዪቱ ጋር የኖረ፣ በኀዘንዋም ቀን ከቤትዋ የተገኘ ነው፤ የእኛ እንግዳ ግን የመበለቲቱን መስጠት አንብቦ የነቢዩን መሰንበት ቈርጦ ጣለው። እኚያ እናት የቀሩትን ጥቂት ቍጥሮች ሰምተው ቢሆን ኖሮ፣ "እርስዎስ ልጄ እስክትመለስ ከእኔ ጋር ይቀመጣሉ?" ብለው በጠየቁት፣ እርሱም መልስ ባጣ ነበር።

ቃለ እግዚአብሔርን ቈራርጦ ማቅረብ የጥንቱ ጠላት የጥንት ጥበብ ነው። በገነት እባቡ ሔዋንን ያነጋገራት ከአንዲት ዕፅ በቀር ሁሉ የተፈቀደ መሆኑን ትቶ፣ ሁሉ የተከለከለ አስመስሎ በመጠየቅ ነበር። ጌታም በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ በተራበ ጊዜ የቀረበው ፈታኝ፣ ድንጋዩን እንጀራ ያደርግ ዘንድ ቢጠይቀው በተጻፈው ቃል ድል ስለ ተነሣ፣ በሁለተኛው ፈተና እርሱ ራሱ ጥቅስ ይዞ መጣ። ከመቅደሱ ጫፍ አቁሞ የጠቀሰለትም ብዙዎቻችን ለጥበቃ የምንደግመውን 90ኛውን መዝሙረ ዳዊት ነው። ነገር ግን መዝሙሩ የመላእክትን ጥበቃ ተስፋ የሚሰጠው በመንገዱ ለሚሄድ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ፈታኙ መንገድን የሚያነሣውን ሐረግ አውጥቶ ጥበቃውን ብቻ አስቀረ፤ ቀጥሎ ያለውንም፣ በእግዚአብሔር የታመነ ሰው እባቡንና ዘንዶውን እንደሚረግጥ የሚናገረውን ቍጥር፣ ስለ ራሱ መረገጥ የተጻፈ ነውና አፉን አላስነካውም።

ሊቃውንቶቻችን ጌታ ስስትን በትዕግሥት፣ ትዕቢትን በትሕትና፣ ፍቅረ ንዋይን በጸሊአ ንዋይ ድል እንደ ነሣልን ያስተምራሉ፤ ትምህርቱም የታመነ ነው። እኔ ከዚህ ጋር አብሮ እንዲታሰብ የምፈልገው የድሉን መሣሪያ ነው። ጌታ አምላክነቱን በተአምር ሊገልጥ፣ ፈታኙንም በአንዲት ቃል ሊያሰጥመው ሲቻለው፣ ሦስቱንም ጊዜ የመለሰው ከአንድ መጽሐፍ፣ ከኦሪት ዘዳግም 6ኛና 8ኛ ምዕራፍ፣ በጊዜው የነበረ ማንኛውም የእስራኤል ልጅ ሊያውቀው ከሚገባው ነበር። መሣሪያውን ከእኛ አቅም በላይ ከሆነ ስፍራ አላመጣም፤ ለልጅም ለሽማግሌም ከተሰጠው ከዕለት ንባብ አነሣው እንጂ። ከዚያም ባሻገር፣ ሁለቱ መልሶች የተገኙበት ያው 6ኛ ምዕራፍ አባቶች ቃሉን በቤት ሲቀመጡና በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩት የሚያዝ ምዕራፍ ነው። ወጥ ሲበላ የኖረ ሰው ጨው የጐደለበትን በመጀመሪያው ጕርሻ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ምሉውን ቃል ሲሰማ ያደገም የጐደለበትን ቃል ገና ሲነገር ይለየዋል።

አንዳንዶች ይህን ስናገር "መመርመር የሊቃውንት ነው፤ ምእመን ማመን ብቻ ይበቃዋል" ይሉኛል። ለእነዚህ መልሱ አጭር ነው፤ በግብረ ሐዋርያት 17ኛ ምዕራፍ የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት ጳውሎስን የሚያህል ሐዋርያ ያስተማራቸውን እንኳ እንዲሁ ይሆንን እያሉ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን በመመርመራቸው ነው፤ ሐዋርያውም በዚህ አልተቈጣም። ሌሎች ደግሞ ማታለል በመጽሐፍ ስም ስለ ተፈጸመ መጽሐፉን ሊከሱ ይወዳሉ፤ ይሁን እንጂ ሌባው መጽሐፉን የፈራ መሆኑን፣ ከፊሉን ያልደበቀ ቢሆን ኖሮ መስረቅ እንደማይችል፣ አላስተዋሉም።

የቀደሙት አባቶቻችን ይህን አስበውበት ይሆናል እላለሁ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጅ ሀሁንና አቡጊዳን ከጨረሰ በኋላ ፊደለ ሐዋርያ ተብሎ የሚቀርብለት ንባብ ከዮሐንስ መልእክት ነው፤ ከዚያም ወደ ወንጌሉ፣ ከወንጌሉም ወደ ዳዊቱ ይሻገራል። ይህች መልእክት ደግሞ በ4ኛው ምዕራፍዋ ብዙ ሐሰተኞች ነቢያት ወደ ዓለም ስለ ወጡ ምእመናን መንፈስን ሁሉ እንዳያምኑ፣ ይልቁንም ከእግዚአብሔር መሆኑን እንዲመረምሩ የምታዝ ናት። የንባቡ ደጃፍ የተከፈተለት ልጅ የመጀመሪያ ጓደኛው የምርመራ ትእዛዝ ነበረ ማለት ነው። "ግእዙን ይቈጥር ነበር እንጂ ምሥጢሩን የት ያውቀው ነበር?" የሚለኝ ቢኖር፣ እውነት ነው፤ ዛሬ ግን ይህ ምክንያት የለንም። በ1954 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የወጣው የዐማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በየቤቱ ገብቷል፤ የአንድምታው ትርጓሜም ታትሞ ይሸጣል። ንባቡ ቀርቦልን ሳለ አንባቢው ከራቀ፣ ከአባቶቻችን ይልቅ የምንጠየቅበት እኛ ነን።

ይህን ሁሉ ብዬ ሳበቃ ግን፣ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለኝ፤ ቃሉን ማወቅ ብቻውን የማያድንበት ጊዜ አለና። በዚያው በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ከይሁዳ ወደ ቤቴል የተላከው የእግዚአብሔር ሰው በዚያ ስፍራ እንጀራ እንዳይበላ፣ ውኃም እንዳይጠጣ፣ በመጣበትም መንገድ እንዳይመለስ ታዝዞ ነበር። ንጉሡ ኢዮርብዓም ወደ ቤቱ ገብቶ እንዲበላና ስጦታ እንዲቀበል ቢጋብዘው፣ የቤቱን እኵሌታ ቢሰጠው እንኳ እንደማይገባ ነግሮ በድፍረት አሰናበተው። የንጉሥን ማባበል ያሸነፈው ያ ሰው ግን፣ ደክሞት ከዛፍ በታች ብቻውን ተቀምጦ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ነቢይ ደርሶ መልአክ እንደ ነገረው አድርጎ ቢዋሸው ተከትሎት ሄደና በላ፤ በመንገዱም አንበሳ አግኝቶ ገደለው። ትእዛዙን ረስቶት አልነበረም፤ ለንጉሡም ለሽማግሌውም ቃል በቃል ነግሯቸዋል። ያታለለው ሽበቱ ነው፣ የነቢይነቱ ስም ነው፣ ከዚህም ይልቅ ረኀቡና ብቸኝነቱ ነው።

እንዲህ ከሆነ ስለ ጎረቤቴ ስናገር የንባብ ጕድለታቸውን ብቻ መቍጠር ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ያ እንግዳ የገባው በመጽሐፉ ገጽ ከመሆኑ በፊት በናፍቆታቸው ነበር፤ ስለ ልጃቸው የሚጨነቅላቸው ሰው ሲፈልጉ የተገኘው እርሱ ብቻ ሆነ። እኛ ጎረቤቶቻቸው ስለ ልጅቱ ሲያወሩ በአዎንታ ራሳችንን ነቅንቀን ወደየጕዳያችን ስንሄድ፣ እርሱ ከጕልበታቸው ሥር ተቀምጦ ስምዋን እየጠራ ጸለየ። አሳቹ ከቃሉ የቈረጠውን ያህል እኛም ከትእዛዙ ቈርጠናል፤ ሐዋርያው ያዕቆብ ባልቴቶችን በመከራቸው መጠየቅን ንጹሕ አምልኮ ሲል መጥራቱን እያነበብን፣ ተግባሩን ግን ለሌላ ትተን ነበርና። እንግዲህ ምእመናን ከፈተና ይጠበቁ ዘንድ የምንመኝ ከሆነ፣ መጽሐፉንም ባልንጀርነትንም አንድ ላይ ይዘን ወደ ደጃቸው መሄድ ይገባናል፤ አንዱ ያለ ሌላው ከዛፉ በታች ብቻውን እንደ ተቀመጠው ሰው ያደርጋልና።

ስለዚህ በጽዋ ማኅበር የምትሰበሰቡ፣ ጠላው ተቀድቶ ዳቦው ከተቈረሰ በኋላ አንድ ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር ይነበብ ዘንድ፣ ማንበብ የማይችለውም እንዲጠይቅ ጊዜ ይሰጠው ዘንድ እለምናለሁ። በሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምሩ፣ ልጆቹ ጥቅስን ሲያጠኑ በፊትና በኋላ ያለውን አብረው እንዲያጠኑ አድርጉ። በዐውደ ምሕረት የምትቆሙ አባቶችም፣ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን በላከ ጊዜ በነጻ የተቀበሉትን በነጻ እንዲሰጡ ማዘዙን፣ ነቢዩ ኤልሳዕም ከንዕማን እጅ መንሻ እንኳ ሳይቀበል፣ ተከትሎ ብርና ልብስ የጠየቀው ሎሌው ግያዝ የንዕማንን ለምጽ መውረሱን፣ ያለ ይሉኝታ በግልጥ ተናገሩ። ጸሎት ዋጋ እንደማይቈረጥለት ከእናንተ አፍ ያልሰማ ምእመን፣ ዋጋውን ከሌላ ይሰማል።

ልጅዎ ከሩቅ አገር ድምፅዋ የጠፋብዎት፣ በሽታ ያልለቀቀዎት፣ ሥራ ያጡ ሁሉ ደግሞ ይህችን አንዲት ነገር ከእኔ ይያዙልኝ፤ ጥቅስ ይዞ ለመጣ ሰው በሩን ይክፈቱ፣ ወንበርም ያቅርቡ፣ ነገር ግን ምንም ከመስጠትዎ በፊት አንድ ጎረቤት ጠርተው፣ እንግዳውን ከዚያው ገጽ ወደ ታች ምዕራፉ እስኪያልቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልዎት ይጠይቁት። የእግዚአብሔር ሰው ከሆነ ጥያቄዎ ደስ ያሰኘዋል፤ ካልሆነም ምዕራፉ ከማለቁ በፊት ሌላ ቀጠሮ ያስታውሳል።