ሳንባ ሲታከም አጥንት አይረሳ

ዶክተር ዶሮቲ አንደርሰን በ1938 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ሲስቲክ ፋይብሮሲስን ለይተው ሲገልጹ፣ ማስረጃቸው በሕፃንነታቸው የተቀጠፉ ልጆች ቆሽት ነበር። ያኔ በዚህ ሕመም ስለ አጥንት መሳሳት የሚጨነቅ አልነበረም፤ ልጆቹ ለአዋቂነት ዕድሜ አይደርሱም ነበር። ዛሬ ግን አሜሪካ ውስጥ ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አዋቂዎች ናቸው። ክትትሉ ከዕድሜያቸው ጋር አብሮ ማደግ አለበት።

የሕመሙ ምንጭ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ የዘረመል ጉድለት ነው። በሰውነት ውስጥ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ይወፍርና ሳንባን ያፍናል፣ የቆሽትንም ቱቦ ይደፍናል። የቆሽት ኢንዛይም አንጀት ካልደረሰ ቅባት አይፈጭም፤ በቅባት የሚሟሙት ቫይታሚን ዲ እና ኬም ሳይመጠጡ ይወጣሉ። ብዙዎቹ በምግብ ሰዓት የኢንዛይም እንክብል የሚውጡት ለዚህ ነው። በዚህ አጥንትን በሚጎዳ የቫይታሚን እጥረት ላይ የማያባራ የሳንባ ኢንፌክሽን፣ ስቴሮይድ፣ የክብደት ማነስና የዘገየ ጉርምስና ሲደመሩ አጥንቱ ገና በወጣትነት ይሳሳል።

የጎን አጥንት መሰበር ለጤነኛ ሰው ጥቂት ሳምንታት የሚያሠቃይ ጉዳት ነው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለበት ሰው ግን አክታውን ለማውጣት በየቀኑ ከልቡ ማሳል አለበት፤ አንዳንዴ አጥንቱን የሚሰብረውም ያው ሳል ነው። ሥቃዩን ፈርቶ ሳሉን ሲያፍን አክታው ይጠራቀማል፣ ኢንፌክሽኑ ይብሳል። የአከርካሪ አጥንት ተሰብሮ ጀርባ ሲጎብጥ ደግሞ ደረት ይጠባል። የከፋ የአጥንት መሳሳት የሳንባ ንቅለ ተከላ እንኳ ሊያስከለክል ይችላል።

ታዲያ አጥንትን ከሳንባ ነጥሎ ማየት ስህተት ነው።

በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ትሪካፍታ የተባለው መድኃኒት የብዙዎችን ትንፋሽና ክብደት አሻሽሏል፤ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን አጥንት በሚገነባበት በጉርምስና ዘመን በሕመም የባከኑትን ዓመታት አይመልስም። አሁን አርባ ዓመት የሞላቸው ታማሚዎች ያንን ዘመን ያለፉት መድኃኒቱ ሳይኖር ነው።

የአሜሪካ ባለሙያዎች በ2005 ባወጡት መመሪያ፣ አዋቂ ታማሚ ሁሉ ዴክሳ በሚባለው ምርመራ የአጥንቱ ጥግግት እንዲለካ መክረዋል። ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ ሲሆን ጨረሩም እጅግ አነስተኛ ነው። እስኪሰበር የሚጠበቅበት ምክንያት የለም።

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የምትኖሩ፣ ይህ ሕመም ያለበት ቤተሰብ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የመጨረሻው ዴክሳ መቼ ተነሳ? የቫይታሚን ዲ መጠኑስ ስንት ነው?