ፊደሉ ራሱን ችሏል፦ ከኢሜይል ጋር ሳይፈለግ ስለሚላክ የቅርጸት አባሪ

ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ የሚላክ የምርምር ኢሜይል ሦስት ነገሮችን ሊይዝ ይችላል፤ መልእክቱን፣ ላኪው ሆን ብሎ ያያዘውን ሰነድ፣ እንዲሁም ላኪው ሳያውቀው ሶፍትዌሩ የሚጨምረውን የቅርጸት ፋይል። ይህ ሦስተኛው በአብዛኛው የሚታየው ለተቀባዩ ብቻ ስለሆነ ላኪው ችግር መኖሩን እንኳ ላይሰማ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ዛሬ የአማርኛም ሆነ የአገውኛ ጽሑፍ ለመነበብ የቅርጸት ድጋፍ አያሻውም፤ ስለዚህ ቅርጸት አልባ መልእክት መደበኛው፣ ያጌጠው ደግሞ በምክንያት የሚመረጥ ልዩ ሁኔታ ሊሆን ይገባል። ይህን የማድረግ ኃላፊነትም በቅድሚያ የላኪውና የተቋሙ ነው።

የችግሩ አሠራር

የዚህ ዓይነቱ ፋይል በሰፊው የሚታወቀው ‹‹ዊንሜይል ዶት ዳት›› በሚለው ስሙ ነው። የማይክሮሶፍት አውትሉክ መልእክትን በሦስት መልክ ማዘጋጀት ይችላል፤ ቅርጸት አልባ በሆነ ጽሑፍ፣ በኤችቲኤምኤል እና ‹‹ሪች ቴክስት›› በተባለው በራሱ መልክ። ሦስተኛው ሲመረጥ የፊደሉ ዓይነት፣ መጠን፣ ድምቀትና ቀለም ‹‹ቲኔፍ›› በሚባል ጥቅል ታሽጎ ከመልእክቱ ጋር ሊሄድ ይችላል። ተቀባዩም አውትሉክን የሚጠቀም ከሆነ ጥቅሉ ራሱን ሳያሳይ ይፈታል። ሌላ የኢሜይል መቀበያ የሚጠቀም ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሊከፍተው የማይችለውን ፋይል ነው።

የከፋው ነገር ላኪው ሆን ብሎ ያያዘው ሰነድ ጭምር በዚያው ጥቅል ውስጥ ሊቀበር መቻሉ ነው። አማካሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ምዕራፍ ሲጠብቅ የሚደርሰው ምንነቱ የማይታወቅ ፋይል ይሆናል። ተማሪው በበኩሉ ‹‹ልኬያለሁ›› ብሎ አስተያየት ይጠብቃል። ሁለቱም ያሉት እውነት ነው፤ ምዕራፉ ግን አልተነበበም። ከዚህም ሌላ ጥቅሉ የላኪውን የኮምፒውተር መግቢያ ስምና ፋይሉ የተቀመጠበትን የማኅደር አድራሻ ይዞ ሊወጣ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት ዘመን ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ቅርጸት ፊደሉን የተሸከመበት ዘመን

አማርኛ ጸሐፊ ከቅርጸት ጋር ያለው ቁርኝት ታሪካዊ ምክንያት አለው። ኢሜይል ሲጀመር የተበጀው ለላቲን ፊደል ነበር። በሌሎች ፊደላት መጻፍንና አባሪ መላክን ያስቻለው ‹‹ማይም›› የተባለው ስምምነት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት አማርኛን በኢሜይል ለመላክ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ነው፤ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ ያዘጋጁት ‹‹ሴራ›› የተሰኘው ሥርዓት ለዚህ የተበጀ ነበር። ሁለተኛው በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የግእዝን ቅርጽ የሚሥሉ ፎንቶችን መጠቀም ነው።

በሁለተኛው መንገድ የተጻፈ ደብዳቤ ለኮምፒውተሩ የላቲን ፊደላት ድርድር ብቻ ነበር። የፎንቱ ስም ከጽሑፉ ሲነጠል አማርኛው ይጠፋና ትርጉም የለሽ ምልክት ይቀራል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ቅርጸት ጌጥ አልነበረም፤ ፊደሉ የሚኖረው በቅርጸቱ ውስጥ ነበርና። ‹‹ቅርጸቱ ከተነካ አማርኛው ይበላሻል›› የሚለው ስጋት ከዚህ የተወረሰ ሳይሆን አይቀርም። ስጋቱ በጊዜው ትክክል ነበር፤ ዛሬ ግን ምክንያቱ አልፏል። በዩኒኮድ ‹ሀ› 4608 የተሰኘ የራሱ ቁጥር አለው፤ ለአገው ቋንቋዎች የሚያገለግለው ‹ጘ› ደግሞ 4888 ነው። ፎንቱ ቢለወጥ የፊደሉ መልክ ይለወጣል እንጂ ማንነቱ አይለወጥም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። መልእክቱ በተወሰነ ፎንት ተጌጦ ሲላክ በአብዛኛው የሚሄደው የፎንቱ ስም እንጂ ፎንቱ ራሱ አይደለም። በተቀባዩ ስልክ ላይ ፎንቱ ከሌለ ስልኩ ያለውን ተጠቅሞ ያሳያል። እንግዲህ ላኪው የደከመበት ጌጥ ብዙ ጊዜ ከመንገድ ይቀራል፤ የሚደርሰው ሸክሙ ነው።

ጉዳዩ በአዊ ምን ክብደት አለው

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የሚሠራ ምርምር ባለቤቶቹ ተራርቀው የሚኖሩ ናቸው። መረጃው ከቀበሌ ይሰበሰባል፤ አማካሪው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ፣ ተባባሪው ደግሞ ባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል። በዳንግላ ወረዳ የአካባቢው ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የዝናብን መጠን፣ የወንዝንና የከርሰ ምድር ውኃን ከፍታ የመዘገቡበትና የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ጥሩ ምሳሌ ነው። እንዲህ ላለ ሥራ የአንድ ወር የዝናብ ሠንጠረዥ በማይከፈት ጥቅል ውስጥ ቢቀር የሚባክነው ገበሬው በየማለዳው ያየውና የጻፈው ነው። የአገውኛ ቃላትን ሰብስቦ ለሌላ ምሁር የሚልክ ተማሪም የሚፈልገው ‹ጘ› በሌላው ዘንድ ‹ጘ› ሆኖ እንዲነበብ ነው፤ ይህን የሚያረጋግጥለት ዩኒኮድ እንጂ የቀለም ጌጥ አይደለም።

መጠኑም መታሰብ አለበት። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ለኢሜይል ጉዞ ሲዘጋጅ አራት ሊሆን ይችላል። በዚህ ስሌት 1,500 ፊደላት ያሉት ደብዳቤ 6 ኪሎባይት ገደማ ነው። በፊርማው ሥር የሚለጠፍ የመሥሪያ ቤት አርማ 45 ኪሎባይት ቢሆን በጉዞው ወደ 60 ያድጋል፤ ከደብዳቤው አሥር እጥፍ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ተመራማሪ፣ መስመር በተገኘባት ጥቂት ደቂቃ የሚደርስ መልእክት ያለ ‹‹እባክዎ ደግመው ይላኩልኝ›› መነበብ ያለበት ለምን እንደሆነ አይጠፋውም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የማኅተም ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ የቢሮ ሥርዓት ማኅተም፣ ቁጥርና ፊርማ የሌለው ደብዳቤ ክብደት የለውም። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሆኖም የሚደግፈው ሆን ተብሎ የሚያያዘውን ሰነድ እንጂ ሳይታሰብ የሚሄደውን አይደለም። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በፒዲኤፍ ይያያዝ፤ ፍሬ ነገሩ ግን በመልእክቱ አካል በፊደል ይጻፍ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ዕውቅና ያለው መልእክት ደግሞ ከዓመታት በኋላም ተፈልጎ መገኘትና መነበብ አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጥፋቱ ጥቅሉን መፍታት ያልቻለው የተቀባዩ ሶፍትዌር ነው የሚል ነው። በቴክኒክ ዓይን ሊያከራክር ይችላል። ነገር ግን ‹‹ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል›› እንዲሉ፣ ነገር የሚበላሸው ከአያያዝ ነው። ተቀባዩ የሚጠቀመውን መሣሪያ ላኪው ሊመርጥለት አይችልም፤ የሚልክበትን መልክ ግን መምረጥ ይችላል። ሦስተኛው ተቃውሞ ሠንጠረዥና ቀመር ያለ ቅርጸት አይገለጡም የሚል ነው። ለዚህ ቀላል ኤችቲኤምኤል ወይም የተያያዘ ፒዲኤፍ ይበቃል፤ ‹‹ሪች ቴክስት›› አያስፈልግም።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው በሦስት ደረጃ ይገኛል። በግለሰብ ደረጃ፣ በአውትሉክ የኢሜይል ምርጫዎች ውስጥ መደበኛው የመልእክት መልክ ቅርጸት አልባ ጽሑፍ ወይም ኤችቲኤምኤል ይደረግ፤ በ‹‹ሪች ቴክስት›› የተጻፈ ወደ ውጭ ሲላክም ወደ ኤችቲኤምኤል እንዲለወጥ ይታዘዝ። በአድራሻ ደረጃ፣ ለአንድ ተቀባይ ብቻ ቀድሞ የተመረጠ መልክ አጠቃላዩን ምርጫ ሊሽር ስለሚችል የዚያ ሰው አድራሻ ይታይ፤ ሶፍትዌሩ በራሱ የሚያስታውሰው አሮጌ አድራሻም ተሰርዞ እንደገና ይጻፍ። በተቋም ደረጃ፣ የኤክስቼንጅ ሰርቨር ያለው መሥሪያ ቤት ወደ ውጭ የሚወጣ መልእክት በ‹‹ቲኔፍ›› እንዳይታሸግ በአንድ ትእዛዝ መከልከል ይችላል። ከሦስቱ የሚመረጠው ይህ የመጨረሻው ነው፤ የብዙ ሰዎችን ጥንቃቄ በአንድ ባለሙያ የደቂቃዎች ሥራ ይተካልና።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። የአንጋፋዎቹን ያህል የደነደነ ልማድ ያልተጫነው ወጣት ተቋም ደንቡን ገና ከጅምሩ የማስተካከል ዕድል አለው። ለአዲስ ተመራቂ ተማሪዎች በሚሰጥ ገለጻ ውስጥ አንድ ገጽ ለዚህ ቢመደብና የመመረቂያ ጽሑፍ አቀራረብ መመሪያው ኢሜይል በምን መልክ እንደሚላክ ቢወስን ወጪው ኢምንት ነው። የግእዝ ፊደል በኮምፒውተር ላይ በራሱ ቁጥር እንዲቆም ብዙ ተደክሟል። ፊደሉ ከቆመ በኋላ ምርኩዙን አስይዞ መላክ ለተቀባዩ ሸክም ከመሆን አያልፍም።