ዕዳውን ለከፈለ ነጋዴ ስሙም ይመለስለት

ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ያለው ንግድ ከፊሉ በጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉ በእምነት የሚካሄድ ነው። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ሸቀጥ እዚህ ይራገፍና ወደ ይርጋለም፣ ወደ አለታ ወንዶና ወደ ዲላ ይሰራጫል። አከፋፋዩ ለቸርቻሪው፣ ቸርቻሪው ደግሞ ለገጠሩ ባለሱቅ በዱቤ ይሰጣል። ሁሉም የሚጠብቀው ቡናው ተለቅሞ እስኪሸጥ ነው። ቡናው ዋጋ ያጣ ወይም የዘገየ እንደሆነ የመጨረሻው ባለሱቅ ያልከፈለው ገንዘብ እየተንከባለለ መጥቶ አከፋፋዩ ትከሻ ላይ ያርፋል። ቼክ የሚመለሰው፣ ሽማግሌ የሚላከው፣ በመጨረሻም ፍርድ ቤት የሚኬደው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለ መክሰስና ስለ መከሰስ የሚያወራ ሞልቷል። ከፍርድ በኋላ ስላለው ጊዜ ግን የሚነጋገር ጥቂት ነው። የተፈረደበት ነጋዴ ዕዳውን እንዴት አድርጎ ይዘጋል? ከዘጋውስ በኋላ ወደ ገበያው የሚመለሰው እንዴት ነው? ለሁለተኛው ጥያቄ ገበያው መልስ አላዘጋጀም። ያልከፈለ ሰው ስም በአንድ ቀን ከመናኸሪያ አሮጌው ገበያ ይደርሳል፤ የከፈለ ሰው ወሬ ግን ከሁለት ሰው ጆሮ አያልፍም። በዚህ የሚጎዳው ባለዕዳው ብቻ አይደለም። ከፍሎም ስሙ እንደማይመለስለት ያወቀ ባለዕዳ ለመክፈል የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ የከፋዩን ስም መመለስ ለአበዳሪው የሚደረግ ጥቅም እንጂ ለባለዕዳው የሚሰጥ ምጽዋት ተደርጎ መታየት የለበትም።

ሕጉ ለአበዳሪው ጥርስ ሰጥቶታል። በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቼክ፣ የተስፋ ሰነድ ወይም መጠኑ የታወቀ የገንዘብ ውል በእጁ ያለ ሰው ከአንቀጽ 284 ጀምሮ በተደነገገው የተፋጠነ ሥነ ሥርዓት እንዲከስ ይፈቅዳል። በዚህ መንገድ የተከሰሰ ሰው መከላከያ እንዳለው በቃለ መሐላ አስረድቶ የመከራከር ፈቃድ ካላገኘ ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል። ከዚያ ቀጥሎ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፤ የባንክ ሂሳብ፣ መኪና፣ ቤት ይታገዳል፤ ሀራጅ ይወጣል። ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸሙን አያቆመውም፤ የዕግድ ትእዛዝ ለብቻው ተጠይቆ መገኘት አለበት።

ብዙ ባለዕዳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስልክ ቁጥር ይቀይራል፣ ሱቁን በወንድሙ ስም ያዞራል፣ ጊዜ ይፈታዋል ብሎ ይቀመጣል። ጊዜ ግን አይፈታውም። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ባለመብቱ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅበት ዘመን 10 ዓመት ነው። በዚህ መሐል ወለዱ አይተኛም። ተዋዋዮቹ ሌላ መጠን ካልተስማሙ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚያስበው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። የ400,000 ብር ዕዳ በዓመት 36,000 ብር፣ በሦስት ዓመት 108,000 ብር ይወልዳል ማለት ነው። የዳኝነት ገንዘብና የጠበቃ አበል ሲታከልበት ተሸሽጎ የከረመው ሰው መጀመሪያ ቀርቦ ቢነጋገር ኖሮ ከሚከፍለው እጅግ የበለጠ ይከፍላል። ዋስ ያለው ከሆነ ደግሞ ጣጣው ይበዛል፤ የአንድነት ዋስ ሆኖ የፈረመ ዘመድ ዋናው ባለዕዳ ሳይነካ በቀጥታ ሊከሰስ ይችላል።

በሌላ ወገን የተፈረደበት ሁሉ እስር ቤት ይገባል የሚለው ፍርሃት ልክ አይደለም። ሕጉ ባለዕዳን የሚያሳስረው መክፈል እየቻለ እምቢ ያለ ወይም ንብረቱን ያሸሸ እንደሆነ ነው፤ እሱም ከስድስት ወር አይበልጥም። የሙያ መሣሪያ፣ የራሱና የቤተሰቡ የሦስት ወር ቀለብ፣ የደመወዝ ሁለት ሦስተኛው እጅ ከመያዝ የተጠበቁ ናቸው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ የጻፈ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊያስቀጣ የሚችል ሲሆን፣ የገንዘቡ ዕዳ በዕርቅ ቢያልቅ እንኳ የወንጀሉ ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው። ቼክን እንደ ቀጠሮ ወረቀት የሚሰጥ ነጋዴ ይህንን ሊያስብበት ይገባል።

አበዳሪውም ሂሳቡን ደግሞ ቢሠራው ይጠቀማል። ያሸነፈ ሰው በእጁ ያለው ወረቀት እንጂ ገንዘብ አይደለም። ወረቀቱን ወደ ገንዘብ ለመለወጥ ንብረት መፈለግ፣ ማስገመት፣ ሀራጅ ማስነገር፣ ተጫራች መጠበቅ አለ። ሀራጅ ላይ የሚመጣ ገዥ ርካሽ ፈልጎ እንጂ ለሻጩ አዝኖ አይመጣም። ስለሆነም ባለዕዳው ዋናውን ገንዘብ በስድስት ወር ከፍሎ ልጨርስ፣ ከወለዱ ይቀነስልኝ ቢል፣ አበዳሪው በንዴት ከመመለሱ በፊት ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሊያያቸው ይገባል። በስድስት ወር የገባ ገንዘብ ዕቃ ገዝቶ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይገላበጣል። በሦስተኛው ዓመት በሀራጅ የሚመጣ ገንዘብ ግን የዕቃው ዋጋ ጥሎት ሄዶ ይጠብቀዋል። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ ተከራካሪዎች እንዲታረቁና ዕርቃቸው በፍርድ ቤት እንዲመዘገብ በሩን ከፍቷል።

ዕርቁ ከተደረገ በኋላ ያለው አከፋፈል ራሱ ወጥመድ አለበት። መናኸሪያ አካባቢ ዕዳ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በእጅ፣ ሻይ እየተጠጣ፣ «አምንሃለሁ» በመባባል ነው። ሕጉ ግን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ መመለሱም እንደዚሁ ነው። ደረሰኝ ያልተቀበለ ሰው ያንኑ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። አበዳሪው ቢሞትና ወራሾች የአፈጻጸም መዝገቡን ቢያንቀሳቅሱ፣ በሻይ ቤት የተከፈለው ገንዘብ ምስክር የለውም። በባንክ ሂሳብ ገቢ ማድረግ ወይም በፍርድ ቤት በኩል ማስያዝ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

የመጨረሻው ብር ሲከፈልም ነገሩ አላለቀም። ባለዕዳው በተከታታይ የሚፈጽማቸው አራት ሥራዎች አሉት። አንደኛ፣ ባለመብቱ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ መቀበሉን በጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ እንዲያስታውቅና የአፈጻጸም መዝገቡ በትእዛዝ እንዲዘጋ ማድረግ። ሁለተኛ፣ የትእዛዙን ማኅተም ያለበት ግልባጭ ማውጣት። ሦስተኛ፣ ዕግድ ለደረሳቸው ባንኮች፣ ለመንገድ ትራንስፖርትና ለማዘጋጃ ቤት የዕግድ ማንሻ ደብዳቤ በየስማቸው አጽፎ ማድረስና መድረሱን ማረጋገጥ። አራተኛ፣ ዋናውን የተስፋ ሰነድ ወይም የብድር ውል መልሶ መቀበል። ሦስተኛው በብዙዎች ዘንድ ይዘነጋል። ዕዳውን ከፍሎ ከዓመት በኋላ መኪናውን ሊሸጥ ሲል «ዕግድ አለበት» የተባለ ሰው ገዥውን ያጣል፤ ደላላውም ያንን ሰው ዳግመኛ አያምነውም።

ከባንክ ጋር ያለው ዕዳ መልኩ ይለያል። በ1990 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ያለ ፍርድ ቤት ክርክር በሀራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር «የተበላሸ» ከሚባለው ክፍል ይገባል። ብሔራዊ ባንክ በሚያስተዳድረው የብድር መረጃ ማዕከል በኩል ደግሞ ሌላው ባንክ ያያል። ከ90 ቀኑ በፊት ቀርቦ የክፍያው ጊዜ እንዲራዘም መጠየቅና ካለፈ በኋላ መለመን አንድ አይደሉም። ከፍሎ የጨረሰ ተበዳሪም ከባንኩ ዕዳ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ወስዶ ቤቱ ቢገባ አይበቃውም፤ መረጃው ለማዕከሉ ተስተካክሎ መላኩን መጠየቅ አለበት።

የነጋዴ ለነጋዴ ዱቤ ግን የሚጻፍበት መዝገብ የለውም፤ መዝገቡ የሰው አፍ ነው። አፍ ደግሞ ጥፋቱን እንጂ ክፍያውን አይጽፍም። በሌላው ዓለም ይህ ችግር ታስቦበታል። በእንግሊዝ አገር በዕዳ ምክንያት የተሰጠ ፍርድ በሕዝብ መዝገብ ላይ ለስድስት ዓመት ይቆያል፤ ባለዕዳው በአንድ ወር ውስጥ ከከፈለ ግን ይሰረዛል፤ ከዚያ በኋላ ከከፈለ «ተከፍሏል» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ከሀዋሳ በሞያሌ መንገድ ወደምንደርስባት ኬንያም ማዕከላዊ ባንኩ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በስልክ ተበድረው ያልከፈሉ ሰዎች ከዕዳቸው ግማሹ ተቀንሶላቸው ስማቸውን እንዲያጠሩ ዕድል ሰጥቷል። ቀን ያለው ዕድል ሰውን ያስቸኩላል። ከፋይን ከማይከፍል ለይቶ የሚያሳይ ምልክት ደግሞ ሁለቱንም ወገን ይጠቅማል።

«የዱቤ ዕቃ በልቶ የተሸሸገ ሰው ዛሬ ከፈለ ተብሎ ነገ ይታመን?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። አንድ አከፋፋይ በአንድ ደንበኛ ምክንያት የራሱን ቼክ ማክበር አቅቶት እንደሚወድቅ ገበያው ያውቃል። ነገር ግን ስም መመለስ ማለት ጥፋቱን መርሳት ማለት አይደለም። ተካስሶ፣ ተፈርዶበት፣ ተስማምቶ፣ በቀጠሮው ከፍሎ መዝገቡን ያዘጋ ሰው ዘግይቶም ቢሆን ቃሉን እንደሚፈጽም አሳይቷል። ንብረቱን ያሸሸው ግን ያሳየው ነገር የለም። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ገበያ ራሱን ያታልላል። ለከፋዩ የሚገባው መጀመሪያ በእጅ በእጅ፣ ቀጥሎ በጥቂት ዕቃና በአጭር ቀን፣ ከዚያም እንደ አመሉ ነው። አመኔታ እንደ ዕዳው ሁሉ በየተራ ይከፈላል።

ሥራው የሚጀመረው ደግሞ ከቅርብ ነው። ፍርድ ቤቶች የአፈጻጸም መዝገብ ሲዘጋ ለባለዕዳው ሳይጠየቁ አንድ ገጽ ማረጋገጫ ቢሰጡ ወጪው ጥቂት ነው። የንግድ ምክር ቤት አባላቱ ይህንን ማረጋገጫ ለያዘ ሰው በምን አኳኋን ዱቤ እንደሚከፍቱ ቢመካከሩ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ደላላውም የሰው ስም ሲያነሳ «ነበረበት» ካለ በኋላ «ከፍሏል» የሚለውን ቃል ቢጨምር ኮሚሽኑ አይቀንስበትም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የነጋዴ ስም ግን ከመቃብር በፊትም ሥራ አለው፤ ነገ ጠዋት መናኸሪያ ላይ ከሚራገፈው ጭነት ድርሻ የሚያገኘው በስሙ ነውና።