ታፔላው ላይ ያለው ሳይኮሎጂስት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። ቻርጅ የሌላችሁ ማታ አንብቡት። የግል ክሊኒክ ያላችሁ ወዳጆቼ ልትቀየሙኝ ትችላላችሁ። ይሁን፣ ተቀየሙ።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። ሐኪምም ሳይኮሎጂስትም አይደለሁም። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፣ በዲፕሎማ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ በዲፕሎማ የቀረን ጥቂቶች ነን፤ የሚስቁብንም አሉ (እሱን ሌላ ቀን)። ሳይኮሎጂ የሚባለውን ኮሌጅ እያለሁ ተምሬ፣ ፈተናው ሲያልቅ ረስቼዋለሁ። ነገር ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪ ሲወድቅ የሚጠራው የስፖርት መምህሩ ነው። እግር ሲወለም እኔ፣ ነስር ሲፈስ እኔ፣ ልጅ ራሱን ሲስት እኔ።

አንዲት ተማሪዬ መውደቅ ጀመረች። (ልጅቷም እናቷም "ጻፈው" ብለውኛል፤ እንዳትታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) የመጀመሪያው ቀን የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ነበር። ግማሹ ተማሪ ከበባት፣ አንዱ ውኃ ደፋባት፣ አንዱ "ክብሪት! ክብሪት አምጡ!" ብሎ ጮኸ። ክብሪት ጭረን ጭሱን አሸተትናት። በሁለተኛው ሳምንት እንደገና። በሦስተኛው ጊዜ እኔ ራሴ መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ "ተዉ እባካችሁ፣ ታስመስላለች፤ ፈተና ደርሷል እኮ" አልኩ። ይህን ብዬአለሁ። አሁን ስጽፈውም ያሳፍረኛል፣ ግን አልደብቀውም።

ያ ፈተና ራሱ ምን ማለት እንደሆነ እንርሳው እንዴ? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2። እነዚህ ልጆች ይህን ቁጥር እየሰሙ ነው ያደጉት። እኛ ደግሞ "አትጨነቁ" እንላቸዋለን።

እናቷ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት። ልጇን ይዛ ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች። ትልቅ ነው፣ ሁሉም ነገር አለው። ታፔላው ላይ ውስጥ ደዌ፣ ሕፃናት፣ ማኅፀንና ጽንስ፣ ነርቭ፣ ጥርስ፣ ከሁሉም ታች ደግሞ "የሥነ ልቦና ሕክምና" ይላል። መጀመሪያ "ታይፎይድና ታይፈስ" ተባለች። መድኃኒቱን ጨረሰች፣ ወደቀች። አሁንም ታይፎይድ። (እዚህ አገር ታይፎይድ ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ! ያቺ የተለመደች የደም ምርመራ ድሮ ታመህ ድነህም ቢሆን ፖዘቲቭ ልትል ትችላለች፤ አንዴ ታይታ ብቻዋን ማስረጃ እንደማትሆን ሐኪሞቹ ራሳቸው ያውቃሉ።) ከዚያ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ የነርቭ ሐኪም፣ ከዚያ ኢኢጂ፣ በመጨረሻ የጭንቅላት ሲቲ ስካን። ሁሉም ሲደመር 14 ሺህ ብር ገደማ። እናትየዋ ዕቁቧን ተራዋ ሳይደርስ ለምና ነው የወሰደችው።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ምን አለ? "ምንም የለባትም። በቃ ሳይኮሎጂስቱ ጋ አሳዩዋት።"

ይቺን አረፍተ ነገር እስቲ እንደገና አንብቧት። "ምንም የለባትም" እና "ሳይኮሎጂስት" አንድ ላይ። እናትየዋ የሰማችው ወይ "ልጅሽ ውሸታም ናት" ነው፣ ወይ "ልጅሽ ልታብድ ነው"። ሦስተኛ ነገር አልሰማችም። ደውላ "መምህር፣ እባክህ አንተ አብረኸኝ ሂድ፣ እኔ አፍራለሁ" አለችኝ። ሄድኩ።

ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ካርዱን ከፍ አድርጋ "የሳይኮሎጂስት ባለተራ!" ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እናትየዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ክፍሉ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነው። ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ማዶ ጥርስ ሲቦረቦር ይሰማል። እነሱ የኛን፣ እኛ የነሱን እንሰማለን ማለት ነው። ከወንበሩ ጀርባ ጓንትና ሲሪንጅ የተከማቸበት ቁም ሳጥን አለ። በሩን ስንከፍት ነጭ ጋውን የለበሰው ወጣት ብድግ አለ፤

"ቲቸር! እርስዎ ነዎት? ይግቡ፣ ይግቡ!"

ያስተማርኩት ልጅ ነው! ኳስ የማይችል፣ ሁልጊዜ በረኛ የማደርገው። አሁን በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስ አለው። ኩራቴን ብታዩ። ኩራቱ ግን ብዙም አልቆየም፣ ምክንያቱም በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነርስ ሁለት ጊዜ ሳታንኳኳ ገብታ ጓንት ወሰደች። አንዱን ጊዜ ልጅቷ አፏን ከፍታ ልትናገር ስትል ነው። ዘጋችው። በቃ፣ የዚያን ቀን ሁለተኛ አልተናገረችም።

ሌላ ቀን ቡና ጋብዤው ሥራው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት። ደመወዙ ትንሽ ናት፣ የቀረው በሚያየው ሰው ልክ ፐርሰንት ነው። ባለቤቱ ለአንድ ሰው ከ20 ደቂቃ እንዳያልፍ ነግሮታል። የዓለም ጤና ድርጅት ሙያው ለሌላቸው አጋዦች ያዘጋጀው አጭሩ የምክክር ፕሮግራም እንኳ አምስት ጊዜ ነው፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ! በ20 ደቂቃ ሰው ስሙንና ሰፈሩን ተናግሮ አፍንጫውን ይናፈጣል፣ አለቀ። ሰው ሲቀርበት ደግሞ "ለቲክቶክ ቪዲዮ ሥራልን" ይባላል፤ "ስኬታማ የሚያደርጉ አምስት ነገሮች" ምናምን። ስድስት ዓመት የተማረውን ልጅ አነቃቂ ንግግር አድራጊ አደረጉት። ታካሚው በበኩሉ "ዶክተር" ይለዋል፤ እሱ "ዶክተር አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም፣ መድኃኒት የሚያዘው የአእምሮ ሐኪም ነው" ሲል "ታዲያ ለወሬ ነው የከፈልኩት?" ብሎ ይነሳል። እንዲህ የሚለውን ታካሚ አልፈርድበትም። ያለ መርፌና ያለ ኪኒን ከክሊኒክ መውጣትን ማን አስተማረን?

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። "ሐኪሞቹ ስለ አንድ ታካሚ ከአንተ ጋር ቁጭ ብለው ያወራሉ?" አልኩት። ሳቀ። ሁለት ዓመት ሲሠራ አንድም ቀን። ካርዱ ላይ "ሳይኮ" ብለው ጽፈው ይልካሉ፣ እሱ የጻፈውን ግን የሚያነብ የለም።

ታዲያ "ሁሉም ስፔሻሊስት በአንድ ጣሪያ ሥር" የሚሉን ምኑን ነው? አንድ ጣሪያ ሥርማ አውቶቡስ ተራም እንሰበሰባለን።

እንዳትሳሳቱ፣ ምርመራው ለምን ታዘዘ እያልኩ አይደለም። የምትወድቅ ልጅ የሚጥል በሽታ ሊኖርባት ይችላል፣ የልብም፣ የደም ማነስም። መታየት አለበት። የኔ ጥያቄ ሳይኮሎጂስቱ ለምን ከ14 ሺህ ብር በኋላ መጣ ነው። ለምን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከደም ምርመራው ጎን ለጎን አላያትም? ጭንቀት ሰውን በእውነት ይጥላል። ልጅቷ እያስመሰለች አልነበረም፣ ጉልበቷ የተላጠው በእውነት ነው። ይህንን የሚያውቅ ባለሙያ ከሐኪሙ አሥር እርምጃ ርቆ ተቀምጧል። በተቃራኒውም እሱ ጋ "ጨነቀኝ፣ ልቤ ይመታል" ብላ የመጣች ሴት ችግሯ የእንቅርት ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ አሥር እርምጃ አስሂዶ ለውስጥ ደዌ ሐኪሙ ማሳየት ነበረበት። በአንድ ቤት መሥራት ጥቅሙ ይኸው ነበር።

ሌላም ጥቅም አለው፣ ከሁሉም የሚበልጠው። አዲስ አበባ ውስጥ "አማኑኤል" ስንት ዓመት ስድብ ሆኖ ኖረ? ሆስፒታሉ ስንቱን አድኖ፣ እኛ ስሙን መሰዳደቢያ አደረግነው። ስለዚህ ሰው አማኑኤል በር ላይ እንዳይታይ ብሎ ቤቱ ይማቅቃል። ጥርስም ልብም የሚታይበት ክሊኒክ ግን ማንም ቢያይህ ምን ልትታከም እንደገባህ አያውቅም። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው! ያንን ጸጋ ሪሴፕሽኗ በአንድ ጩኸት አጠፋችው። እሷም ጥፋቷ አይደለም፤ ማንም አልነገራትም።

ወደ ልጄ ልመለስ። ሁለተኛ ጊዜ ከታየች በኋላ ደውዬ "ምንድነው ችግሯ?" አልኩት። "ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያንን አልነግርዎትም" አለኝ። ተቆጣሁ። አስተምሬህ! እኔ አይደለሁ እንዴ ያመጣኋት! እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እሷ ፈቅዳ ልንገርዎ ያለችኝን ብቻ እነግርዎታለሁ" አለ። የነገረኝ ሦስት ነገር ነው፤ ስትወድቅ ሰው አይክበባት፣ ክብሪት አይጫር፣ ስትነሳ ማንም "ምን ሆንሽ?" አይበላት፣ ዝም ብላችሁ ወደ ክፍል መልሷት። እስከ ዛሬ ምን እንዳላት አላውቅም። ማወቅም የለብኝም። ያቺ ልጅ በሕይወቷ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረችው ነገር ያልወጣባት ሰው አገኘች።

ያለኝን አደረግን። ሰልፍ ላይ ስትወድቅ ተማሪውን ወደ ክፍል አስገባለሁ፣ አንዲት ጓደኛዋ ብቻ አጠገቧ ትቀመጣለች። በወር አራት አምስት ጊዜ የነበረው አንድ ሆነ። "ዳነች" አልላችሁም። አራተኛ ቀጠሮዋ ላይ ደርሳ ነበር።

"ነበር" ያልኩት ልጁን ስላሰናበቱት ነው። ባለቤቱን ሄጄ አናገርኩት። በትህትና ነው የተቀበለኝ፣ አልዋሽም። "መምህር፣ እኔ ኪራይ እከፍላለሁ። እሱ በቀን አራት ሰው ነው የሚያየው፣ አንድ ላብራቶሪ አያዝም። ክፍሉን ለናሙና መውሰጃ ፈለግነው" አለኝ።

እሺ፣ ኪራዩን አምናለሁ፣ የአዲስ አበባን ኪራይ እኔም እከፍላለሁ። ግን ጌታዬ፣ ላብራቶሪ ባለማዘዙ የሚባረር ባለሙያ ካለ፣ ላብራቶሪ በማዘዙ የሚወደደው ሐኪም እንዴት ነው የሚያዘው? ይህን ስጠይቀው ስልክ ተደወለለት።

ይህን የምታነቡ የክሊኒክ ባለቤቶች፣ ባለሙያውን ካልፈለጋችሁት ታፔላው ላይ አትጻፉት። ከፈለጋችሁት ድምፅ የማያሳልፍ ክፍል፣ የሚቆለፍ መዝገብ፣ የ50 ደቂቃ ቀጠሮና በላብራቶሪ ያልተሰፈረ ደመወዝ ስጡት። በሳምንት አንድ ሰዓት ከሐኪሞቹ ጋር አስቀምጡት። ይህ ሕንፃ መጨመር አይደለም።

የክሊኒኩን ስም በኢንቦክስ አትጠይቁኝ፣ አልናገርም። ልጁ አሁን ሥራ ይፈልጋል፤ ሰው የምትፈልጉ ካላችሁ ንገሩኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ልጅቷ ሰኞ ዕለት ሜዳ ላይ ቀርባ "ቲቸር፣ እሱ አሁን የት ገባ?" አለችኝ። ትናንት በዚያ በኩል ሳልፍ ቀና ብዬ አየሁ። ታፔላው ላይ አሁንም አለ።