ማሽኑ ታደሰ፤ ታሪኩስ?

የውሃ ወፍጮ ሲታደስ ምን ምን ይታደሳል? የተሰበረው ጥርስ ይለወጣል፤ ደለል የሞላው ቦይ ይጠረጋል፤ ዝገት የበላው ዘንግ በአዲስ ይተካል። ውሃው ሲለቀቅ መዘውሩ ይዞራል፤ የተሰበሰበው ሰው አጨብጭቦ ወደየቤቱ ይመለሳል። ወፍጮውን ማን እንደ ሠራው፣ ቦዩን ማን እንደ ቆፈረው፣ መሬቱ ቀድሞ የማን እንደ ነበረ፣ ለምን እንደ ቆመ የሚናገር ገጽ ግን አይጻፍም። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከዚህ ልማድ ጋር ነው። ታሪኩ ሳይጠናና ሳይመዘገብ የተፈጸመ እድሳት ግማሽ እድሳት ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ የሚገኘው የአባ ሳሙኤል የውሃ ኃይል ማመንጫ በሀገሪቱ የመጀመሪያው ነው። በማመንጫዎች ዝርዝር ውስጥ የምሥረታ ዓመቱ 1932፣ ጉልበቱም 6.6 ሜጋ ዋት ተብሎ ሰፍሯል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ኩባንያ እጅ ታድሶ በ2016 እንደገና ሥራ ጀመረ። መልካም ሥራ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ነገር ግን ዝርዝሩ ዓመቱንና ሜጋ ዋቱን እንጂ ድንጋዩን የተሸከመውን ሰው አይነግርም። ከምሥረታው እስከ እድሳቱ ያለው ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆነ ዘመን በሁለት ቁጥሮች መካከል ተውጦ ቀርቷል።

ይህ የአዳማን አንባቢ ምን ይመለከተዋል የሚል ይኖር ይሆናል። ውሃው ራሱ ይመልስለታል። አቃቂ ከአባ ሳሙኤል ወርዶ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ቆቃ ላይ ይገደባል። ከቆቃ የወጣው ውሃ የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣል፤ ወደ አዋሽ መልካሳ ሲወርድም በ1966 እና በ1971 ሥራ የጀመሩትን የአዋሽ ሁለተኛና ሦስተኛ ማመንጫዎች ያዞራል። ከአቃቂ እስከ መልካሳ ያለው ሸለቆ እንግዲህ አንድ ረጅም የውሃ ወፍጮ ነው። የላይኛው መዘውር ታሪክ ሲጠፋ የታችኛውም ታሪክ ራሱ የተቆረጠ ይሆናል።

«ማሽን ማሽን ነው፤ ሥራው መዞር ነው፤ ታሪኩን መጻፍ የቅንጦት ጉዳይ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ አስተሳሰብ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን መመለስ ይበቃል። በዚያ ዘመን አንድ አልባኒያዊ የእጅ ባለሙያ ለንጉሡ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር፤ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት ቆመ። ይህ የሚታወቀው በምን ነው? በ1841 ወደ ሸዋ በመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ በኮርንዋሊስ ሃሪስ ዘመን የነበሩ የውጭ ሰዎች ስለ ጻፉት ነው። የውጭው ሰው የጻፈው ለመሰሎቹ ነው፤ ያስደነቀውን ጻፈ፤ ያሳቀውን ጻፈ። በዚያች ወፍጮ አጠገብ ቆማ፣ ሌሊቱን ሙሉ በመጅ የምትፈጨውን እህል ውሃ በቅጽበት ሲፈጨው ያየችው ሴት ምን አሰበች? ወፍጮው ሲቆም ወደ መጇ የተመለሰችው በምን ልብ ነው? የሚያውቅ የለም፤ የጠየቃት አልነበረምና። የወፍጮ ታሪክ ከሁሉ በፊት የዚህች ሴት ታሪክ ነው። እርሷን የሚዘልል ጥናት ስለ ብረትና ስለ እንጨት ብቻ የተጻፈ ጥናት ነው።

አሁን ወደ ቆቃ። ግድቡ ሥራ የጀመረው በ1960 ነው፤ የማመንጫው ጉልበት 43.2 ሜጋ ዋት ነው። ገንዘቡ ከየት መጣ? በ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሣ እንድትከፍል ተወስኖ ነበር። ብዙ ከተጓተተ በኋላ በ1956 በተደረገ ስምምነት ገንዘቡ ከዚያ ባነሰ መጠን ተቆረጠ፤ ቆቃም የተሠራው በዚሁ ካሣ ነው። በመርዝ ጋዝ የተቃጠለው ዘማች፣ በየካቲት 1937 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተጨፈጨፈው ሕዝብ፣ ንብረቱና ከብቱ የወደመበት ገበሬ በገንዘብ ተተምነው ተርባይን ሆኑ። በአዳማ ማታ ማታ መብራት የሚያበራ ወጣት ይህን ያውቃል? በትምህርት ቤቱስ ተነግሮታል?

ካሣው የሀገር ሲሆን ሁለተኛ ዋጋ የከፈለ ደግሞ አለ። ሐይቁ የተኛበት ሜዳና ሸንኮራው የበቀለበት ረግረግ የጅሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች የግጦሽ ምድር ነበር። ለኢጣሊያ ወረራ የተከፈለው ካሣ ግድብ ሲሆን፣ ለግድቡ መሬቱን የለቀቀው አርብቶ አደር ካሣ ከየት ነበር? ጥያቄው ማንንም ለመክሰስ የቀረበ አይደለም፤ መልሱ በሽማግሌዎች አንደበት ላይ ስላለ፣ ሽማግሌዎቹም በየዓመቱ እያለፉ ስለሆነ ነው። ግድብን ያለ ግጦሹ፣ ማመንጫን ያለ ተፈናቃዩ የሚተርክ ታሪክ የሚያገለግለው ለምረቃ ቀን ብቻ ነው።

የወንጂ ጉዳይ ከዚህ የባሰ ነው፤ በዓይን ፊት እየጠፋ ነውና። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ ነጻነት በኋላ ፊቱን ወደ አዋሽ ሸለቆ አዙሮ በ1954 የወንጂን፣ በ1962 የሸዋን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ፋብሪካዎቹ በ1975 ተወረሱ። የወንጂው በ2011፣ የሸዋው በ2013 ተዘግተው ቦታቸውን ለአዲስ ፋብሪካ ለቀቁ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሸንኮራ ሲጨምቁ የኖሩት የብረት ጥርሶች ዝም አሉ። ስኳሩ በጆንያ ተቆጥሯል፤ ኩባንያም ሂሳቡን አይረሳም። ሸንኮራ ቆራጩስ? ከሩቅ ሀገር በእግሩ መጥቶ ሠፈር ውስጥ የተወለዱ ልጆቹን ያሳደገው፣ በፈረቃ ፉጨት የተኛና የነቃው?

የእርሱ ታሪክ አንዱ መዝገብ በገዛ ጥርሱ ላይ ይገኛል። የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ለብዙ ዓመታት የጠጡት የወንጂ ሠራተኞችና ልጆቻቸው ጥርሳቸው በለዘ፤ በአንዳንዶቹም ላይ አጥንትና አከርካሪ እየደረቀ ወገብ አጎበጠ። ሐኪሞች ይህን መርምረው በእንግሊዝኛ የሕክምና መጽሔቶች ላይ ጽፈውታል። ሕመምተኛው ግን ስለ ሕመሙ የተጻፈውን አላነበበም፤ በራሱ ቃል የተናገረውንም የጻፈለት አልነበረም። የፋብሪካው ታሪክ ሲጻፍ የጎበጠው ወገብ የግርጌ ማስታወሻ ሊሆን አይገባውም።

«የወፍጮ ሠራተኛ ታሪክ ማን ያነበዋል?» ለሚል ደግሞ መልሱ ከራሷ ከሆላንድ ይመጣል። በኪንደርዳይክ ያሉት 19 የነፋስ ወፍጮዎች ከ1997 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ያ ብቻ አልበቃም፤ በ2017 በነፋስና በውሃ ወፍጮ የሚሠራው የወፍጮ ባለሙያ ሙያ ራሱ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ልብ በሉ! ወፍጮውን ካስመዘገቡ በኋላ ወፍጮኛውንም አስመዘገቡ። ለወንጂ ፋብሪካ ያቆመ ሀገር የራሱን ወፍጮኛ እንዲህ ሲያከብር የወንጂ ሠራተኛ ስም ለምን ይቅር? ሕግ የለም እንዳይባል፣ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/2000 የሰውን ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት በቅርስነት ይቀበላል። ልምድ የለም እንዳይባል፣ የገዳ ሥርዓት በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። የጎደለው ፈቃድ ነው።

ፈቃዱ ካለ ሥራው እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ፣ አጥኚው የሕዝቡን የዘመን አቆጣጠር ይማር። የጅሌ ሽማግሌ «በ1960» አይልም፤ በእገሌ አባ ገዳ ዘመን ይላል። የገዳ ዘመን ስምንት ዓመት መሆኑን፣ የአባ ገዳዎቹንም ተራ የማያውቅ ጠያቂ በዓመት የተሰናሰለውን ምስክርነት «ግልጽ ያልሆነ» ብሎ ይጥለዋል። ሁለተኛ፣ ምስክርነቱ በተነገረበት ቋንቋ ይቀዳ፤ በአፋን ኦሮሞ የተነገረው በአፋን ኦሮሞ፣ በከምባትኛ የተነገረው በከምባትኛ ይቀመጥ፤ ትርጉሙ ከጎኑ ይምጣ። ሦስተኛ፣ ወረቀት ፈላጊው የስምን ለውጥ ይወቅ። አዳማ በብዙ የቆዩ ሰነዶች ውስጥ የምትገኘው ናዝሬት ተብላ ነው፤ በአንዱ ስም ብቻ የሚፈልግ ግማሹን ሳያይ ይመለሳል። አራተኛ፣ የፈረቃ መዝገብ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የመሣሪያ ክፍል ደብተር፣ የተሰበረ ጥርስና የተጣለ መፍቻ ሳይቀር በብረት ሚዛን ከመሸጡ በፊት ይሰብሰብ። አምስተኛ፣ የሁለት ሰው ቃል ሲጋጭ አንዱን መሰረዝ ነውር ነው፤ ሁለቱም ይጻፉ፤ አንባቢ ይመዝን።

ይህን ለመሥራት ትልቅ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። የታሪክ መምህሩ ለተማሪዎቹ «አያትህን ጠይቅ» የሚል የቤት ሥራ መስጠት ይችላል፤ ሥራውን ግን አርሞ፣ ቀንና ስም አስገብቶ ያኑረው። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምራቸው መሐንዲሶች ተርባይን ሲለኩ የተርባይኑን ሠራተኛም ያነጋግሩ። ካድሬው ምረቃ ሲያዘጋጅ ከሪባኑ በፊት መዝገቡ የት አለ ብሎ ይጠይቅ።

ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱም ከወቀሳው አያመልጡም። ስለ ግድብ የተጻፈ ውዳሴ ሞልቷል፤ ውሃው ይፎክራል፣ ኮረብታው ያሸበሽባል፣ ብርሃኑ ይፈልቃል። ሰው ግን የለበትም። በመድረክ ላይ የሚቆመው ሠራተኛ አካፋ የያዘ ክንድ ብቻ ነው፤ ስም የለው፣ ልጅ የለው፣ የበለዘ ጥርስ የለው። እንዲህ ያለው ጥበብ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንደሚባለው ነው፤ ድምፁ ይሰማል፣ የሚላም ነገር አይወጣውም። ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ወንጂ ወርዶ ያዳምጥ። የሰማው እውነት ከፈጠረው ፉከራ የበለጠ ተውኔት እንዳለው ያገኘዋል።

እንግዲህ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው። ከዚህ በኋላ የሚታደስ ወፍጮ፣ ፋብሪካም ሆነ ማመንጫ የእድሳት ውሉ ውስጥ የታሪክ ጥናት ይግባ፤ ጥናቱ ተጠናቆ አንድ ቅጂ በአካባቢው ቤተ መጻሕፍት ሳይቀመጥ እድሳቱ ተፈጸመ አይባል። የአባ ሳሙኤል መዘውር ከዓመታት ዝምታ በኋላ ዞሯል። ብረት ተሠርቶ ሊመለስ እንደሚችል ይህ ምስክር ነው። የወንጂና የቆቃ ሽማግሌ ግን አንዴ ካለፈ በየትኛውም ኩባንያ እጅ አይታደስም።