መሸጫ የሌለው አክሲዮን

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ቺፕ አምራች ወደ 15 ሺህ ሠራተኞች እንደሚቀንስና የትርፍ ክፍፍል እንደሚያቆም አስታወቀ። በማግሥቱ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን 26 በመቶ ወረደ። ባለአክሲዮኖችም ሳምንት ሳይሞላ «ኩባንያው ችግሩን ደብቆብናል» ብለው ክስ መሠረቱ። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ፓት ጌልሲንገር ወንበራቸውን ለቀቁ። የፈረንጆቹ 2024 ዓመት የተዘጋው በ18.8 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የገረመኝ ኪሳራው አይደለም፤ የትም አገር ያለ ኩባንያ ይከስራል። የገረመኝ የባለአክሲዮኑ አቅም ነው። በየሦስት ወሩ ሒሳቡን ያያል። ተስፋ ከቆረጠ በዚያው ቀን ሸጦ ይወጣል። ንዴቱ ዋጋ ላይ ስለሚታይ አመራሩ ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን አይችልም።

ወደ ምዕራብ ጎጃም ከተሞቻችን ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ እንምጣ። አክሲዮን እዚህም እንግዳ ነገር አይደለም። አማራ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከ140 ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች ነበሩት፤ ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም የሌሎች ባንኮች፣ የኢንሹራንስና የሪል ስቴት አክሲዮን ሻጮች በየከተማችን ተመላልሰዋል። የገዛው መምህሩ ነው፣ የበርበሬ ነጋዴው ነው፣ ልጁ ከዐረብ አገር ብር የላከችለት አባት ነው። ሰርተፊኬቱ ከቤት ካርታው ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የበርበሬ ነጋዴው የኩንታሉ ዋጋ ሲወርድ በገበያው ቀን ያውቃል፤ ካልጣመው በኪሳራም ቢሆን ሸጦ ይገላገላል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ግን የሚነግረው የለም።

የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪዎችን በጋዜጣ አንብቡ። መገኘት የማይችል ባለአክሲዮን ከጉባኤው ሦስት ቀን አስቀድሞ በዋናው መሥሪያ ቤት ቀርቦ የውክልና ቅጽ ይሙላ የሚል አንቀጽ በብዙዎቹ ላይ አለ። አዲስ አበባ መሄድ ያልቻለ ሰው፣ አለመቻሉን ለማስመዝገብ አዲስ አበባ ይሂድ ማለት ነው! በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልና መላክ ይችላል ይባላል፤ ግን ማንን ይወክላል? የሚያውቀው ሰው ከሌለው ድምፁ እዚያው ይቀራል። ይህ በደኅናው ጊዜ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ሲቋረጥ፣ መንገዱም ሲዘጋና ሲከፈት፣ የጉባኤው ጥሪ ራሱ ለምዕራብ ጎጃም ባለአክሲዮን የሚደርሰው በወሬ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ስለ ካፒታል ጭማሪ፣ ስለ ቦርድ ምርጫ፣ ስለ ትርፍ ክፍፍል የተወሰነው ሁሉ ያለ እሱ ተወሰነ። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የባንክ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ስላደረገ፣ ለእሱ የሚደርሰው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ጨምር» የሚል ነው። የጨመረው ብር ምን እንደሠራ ማን ያስረዳዋል?

እርግጥ አሁን የአክሲዮን ገበያ ተከፍቷል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ትልቅ እርምጃ ነው፤ እኔም በልቤ ደግፌዋለሁ። በዚያው ዓመት ግን ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሽያጭ አቅርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮኑ ብቻ ነበር። ገዢዎቹ 47,377 ናቸው። ያን ያህል ደንበኛ ያለው ኩባንያ ይህን ያህል ገዢ ማጣቱን ብዙዎች በኑሮ ውድነት አሳብበዋል፤ ልክ ናቸው። እኔ ሌላም ምክንያት ይታየኛል። ቀድሞ አክሲዮን የገዛ ሰው ለጎረቤቱ «ገብቼ መውጫውን አላገኘሁትም» ካለ፣ ጎረቤቱ በምን ልብ ይገዛል?

ስለዚህ ጥያቄዬ ለኩባንያዎቹና ለካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። የውክልና ቅጹ ፍኖተ ሰላም ባለው ቅርንጫፍ ይሞላ። የሩብ ዓመቱ ሒሳብ በቀላል አማርኛ ተጽፎ በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። መሸጥ የፈለገ ሰው አዲስ አበባ ሳይሄድ ትእዛዙን እዚሁ ቅርንጫፍ ይስጥ። ከእነዚህ አንዱም አዲስ ሕንፃ ወይም የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

አንባቢዬ ሆይ፣ ነገ አክሲዮን ሻጭ በርዎን ቢያንኳኳ ያለፈውን ዓመት የተመረመረ ሒሳብ አሳየኝ ይበሉት። ቀጥለውም ልሽጥ ብል የት ሄጄ፣ ለማን እንደምሸጥ ንገረኝ ይበሉ። መልስ ከሌለው ብርዎን አይስጡ።