የጁን 19 ጠረጴዛ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለዋሽንግተን ዲሲ የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ



ጁን 19 ቀን 1865 ጄኔራል ጎርደን ግሬንጀር በቴክሳሷ ጋልቨስተን ባሮች ሁሉ ነጻ መውጣታቸውን የሚገልጽ ትእዛዝ አስነገረ። ፕሬዚዳንት ሊንከን የባሮችን ነጻነት አዋጅ ካወጁ ሁለት ዓመት ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ሩብ ሚሊዮን የሚያህል የቴክሳስ ባሪያ ያን ሁሉ ጊዜ በወረቀት ነጻ፣ በጥጥ እርሻው ግን ባሪያ ሆኖ ከረመ። አዋጁን የሚያስፈጽም ጦር አልደረሰም፤ ወሬውን የሰሙ ጌቶችም ለባሮቻቸው ለመንገር አልቸኮሉም። ጥቁር አሜሪካውያን ቀኑን ጁንቲንዝ ብለው ሲያከብሩት ኖረው በ2021 የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ሆነ።

የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በሥራ ላይ የዋለውም ጁን 19 ቀን ነው፤ በ2004። ታስቦበት አይመስልም፤ ግጥምጥሞሽ ነው። ግን እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ በከንቱ ማለፍ የለበትም።

ሕጉ ጥርስ የሌለው ተስፋ ብቻ አይደለም። አንድ የከተማዋ መሥሪያ ቤት ከሚያስተናግዳቸው ሰዎች 3 በመቶው ወይም 500ው፣ ከሁለቱ ያነሰው ተይዞ፣ እንግሊዝኛ የማይሆንላቸው የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከሆኑ፣ ዋና ዋና ሰነዶቹን በቋንቋቸው የማዘጋጀት ግዴታ አለበት። ለቃል ትርጉም ደግሞ ቁጥር አይጠየቅም፤ አንድ ሰው ብቻ ቢመጣም በአካል ወይም በስልክ አስተርጓሚ ይቀርብለታል። አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር በሕጉ ሥራ ላይ ቀድመው ከሚነሱት ስድስት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህን ሕግ የሚያስፈጽመው የሰብዓዊ መብቶች ቢሮው ነው፤ የመሥሪያ ቤቶቹን አፈጻጸም በየዓመቱ የሚገመግመውም፣ አቤቱታ የሚቀበለውም እሱ ነው።

በዚህች ከተማ የብዝኃነት በዓል አይጠፋም። በጃንዋሪ የማርቲን ሉተር ኪንግ ሰልፍ አለ። ኤፕሪል 16 ደግሞ የዲሲ ባሮች ከሊንከን አዋጅ ስምንት ወር ተኩል ቀድመው፣ በ1862፣ ነጻ የወጡበት ቀን ይከበራል። ሙቀቱ ሲጀምር የየሰፈሩ የጎዳና ፌስቲቫል ይከተላል። አበሻው ከአንዱም አይቀርም፤ ድንኳኑም ከሩቅ ይታወቃል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ሲኒው ረከቦቱ ላይ ተደርድሯል፣ ከሰል ማቀጣጠል ስለማይፈቀድ ጀበናው ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ተጥዷል። ልጆች እስክስታ ይመታሉ። አንድ ባለሥልጣን መጥቶ፣ ሲኒ ይዞ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ «አመሰግናለሁ»ን እንደምንም ብሏት ይሄዳል። ደስ ይላል፤ ማንም አይከፋም።

ከድንኳኑ ጥቂት ራቅ ብሎ የመንግሥት ጠረጴዛ አለ። ላዩ ላይ እስክሪብቶ፣ የጨርቅ ከረጢት፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ የተጫነበት የእንግሊዝኛ በራሪ ወረቀት። እናቶች ከረጢቱን ያነሳሉ፣ ወረቀቱን ይተዉታል።

ሰኞ ጠዋት ከእነዚያ እናቶች አንዷ የሜዲኬይድ ማደሻ ደብዳቤ ይዛ መስኮት ፊት ትቆማለች። ከጎኗ ለዚሁ ብሎ ከትምህርት ቤት የቀረ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ አለ። ሕመሟን፣ ያለባትን የቤት ኪራይ ዕዳ፣ ከልጇ ደብቃ የያዘችውን ሁሉ በልጇ አፍ ታስነግራለች። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሠራተኛ እጁ ላይ ስልክ አለ፤ ደውሎ አማርኛ አስተርጓሚ ማግኘት ይችላል። እሱ አያነሳውም፣ እሷም አትጠይቅም፤ መጠየቅ መብቷ መሆኑን የነገራት የለምና። ይህን ያላየ የዲሲ አበሻ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ራሳቸው አስተርጓሚ ነበሩ።

ጉዳዩ የቡና ድንኳኑና የመብቱ ጠረጴዛ ተለያይተው መተከላቸው ነው። ሰው የሚሰበሰበው አንደኛው ዘንድ ነው፤ የሚጠቅመው ወረቀት ያለው ሌላኛው ዘንድ።

የጁን 19 ነገር ለአበሻው የሌላ ሰው በዓል የሚመስለው ካለ ናይንዝ ስትሪትና ዩ ስትሪት የሚገናኙበት ቆሞ ዙሪያውን ይመልከት። ሰፈሩ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ የጥቁሮች ንግድና ሙዚቃ የደመቀበት ነበር፤ በ1968 ኪንግ ሲገደሉ በተነሳው ሁከት ተቃጥሎ ለዓመታት ተጎሳቆለ። በኋላ ከገቡት መካከል ኢትዮጵያውያን ባለ ምግብ ቤቶች ነበሩ። በ2005 አካባቢ መንገዱ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባልልን ብለው ሲጠይቁ ነባሮቹ ነዋሪዎች ተቃወሙ። ሎስ አንጀለስ ለፌርፋክስ ጎዳና ይህንኑ ስም የሰጠችው በ2002 ስለነበር፣ የዲሲው ክርክር ለአንዳንድ አበሻ እንደ ምቀኝነት ታይቶት ነበር። ምቀኝነት ግን አልነበረም። ክፉውን ቀን እዚያው ያሳለፈ ሰው፣ ሰፈሩ ሲያምርለት በሌላ ስም ቢጠራበት ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

ደግሞስ ጥቁር አሜሪካውያን የዋሉልን ውለታ ቀላል ነው? እስከ 1965 ድረስ አሜሪካ ለኢትዮጵያ የመደበችው የስደተኛ ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያን ኮታ የሻረው ሕግ ከሲቪል መብት ትግሉ ማህፀን የወጣ ነው። ከዚያም በፊት ሐኪም መላኩ በያን ከዚሁ ሰፈር አጠገብ ባለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1935 ተመርቀዋል። ጣሊያን አገራቸውን ሲወር ተመልሰው ዘምተው፣ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ያሰባሰበውን የዓለም ኢትዮጵያውያን ፌዴሬሽን አቋቋሙ። ይህን ታሪክ በአንድ መድረክ በሁለቱም ወገን አፍ ማስነገር ከሚለጠፍ የመንገድ ስም ይልቅ ጎረቤትን ከጎረቤት ያቀራርባል።

ስለዚህ ልመናው አጭር ነው። ቢሮው ጁን 19ን የቋንቋ ሕጉም ቀን አድርጎ ከጁንቲንዝ በዓል ጋር አብሮ ያክብረው፤ የነጻነቱ ወሬ ዘግይቶ መድረሱን የሚዘክር ቀን ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝለትም። ጠረጴዛው ቡናው ከሚፈላበት ድንኳን ውስጥ ይግባ። በራሪ ወረቀት የሚያድል ሳይሆን አማርኛ የሚናገር፣ አቤቱታ እዚያው ተቀብሎ የሚመዘግብ ሰው ይቀመጥበት። ቢሮው «አማርኛ እናገራለሁ» የሚለውን ካርድ በየኪሱ ያድርስ፤ ካርዱን መስኮት ላይ ማሳየት ብቻ አስተርጓሚ እንደሚያስጠራ በመድረክ በአማርኛ ይነገር። የዓመቱ ግምገማ ፍሬ ነገርም ይነበብ፤ የትኛው መሥሪያ ቤት ጥሩ ሠራ፣ የትኛው አልሠራም፣ ስም እየጠሩ።

ቀኑ ደግሞ በአበሻው አቆጣጠር ሰኔ 12 ነው፤ የሰኔ ሚካኤል። ንግሡ ወደ ቅዳሜና እሁድ ቢዞር እንኳ አውደ ምሕረቱ ላይ አንድ ማስታወቂያ ማስነገር ለቢሮው የአንድ ስልክ ጥሪ ሥራ ነው። መስጊዱ፣ ዕድሩና የአማርኛ ሬዲዮውም እንዲሁ ናቸው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ጁን 19 የሥራ ዝግ ቀን በመሆኑ ቢሮው ራሱ ይዘጋል። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ተረኛ ከአሁኑ መመደብ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውም ከሚቀጥለው በጀት ውስጥ መግባት አለበት።